የመዳብ ዱቄት በወፍጮ ውስጥ፦ ከኮምቦልቻ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

በኮምቦልቻ ከተማ የቶርኖና የብየዳ ሥራ ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ብረታ ብረት በመዶሻ ሲመታ፣ በሞርሳ ተይዞ ሲታጠፍና በሞረድ ሲፋቅ ባሕርዩ እንደሚለወጥ እጄ ያውቀዋል፤ ለውጡ ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን አይቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የኤክስሬይ መመርመሪያ ባለበት ላቦራቶሪ ይሠራል። ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ «አንተ ዱቄቱን አዘጋጅ እንጂ በኤክስሬይ ማንሣቱ የእኔ ፈንታ ነው» ብሎ ቃል ስለ ገባልኝ ሥራውን ዛሬ ጀመርሁ።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። የብረታ ብረት ዱቄት በከባድ ኳሶች መካከል ለብዙ ሰዓት ሲደበደብ እየደቀቀ ብቻ ነው የሚሄደው ወይስ በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ያለው የአቶሞች አደራደር አብሮ ይለወጣል? አብዛኛው ሰው ብረታ ብረትን ከጨው ወይም ከስኳር ጋር አነጻጽሮ ክሪስታል ነው ብሎ አያስበውም፤ ነገር ግን ክሪስታል ነው፤ አቶሞቹ በሥርዓት እየተደጋገሙ የተደረደሩ ናቸውና። የመዳብ አቶሞች በኩብ ቅርጽ የተደረደሩ ሲሆኑ በኩቡ ማዕዘኖች ሁሉና በስድስቱም ገጾች መካከል ላይ አንዳንድ አቶም ይገኛል፤ የኩቡ አንድ ጎን 0.3615 ናኖ ሜትር ነው (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። የብረት ኩብ ደግሞ በማዕዘኖቹና በመሐል እምብርቱ ላይ አቶም ያለው ሲሆን ጎኑ 0.2866 ናኖ ሜትር ነው።

መጀመሪያ ያሰብሁት በአሉሚኒየም ለመጀመር ነበር፤ ቁርጥራጩ እንደ ልብ የሚገኝ ስለሆነ። ሐሳቤን የቀየርሁት በፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ይመስለኛል። የደቀቀ አሉሚኒየም አየር ላይ ሲቦንን እሳት ካገኘው ይፈነዳል፤ ይባስ ብሎ ውስጡ በዛገ የብረት ከበሮ ውስጥ ዝገትና አሉሚኒየም አንድ ላይ መደብደብ ማለት የባቡር ሐዲድ የሚበየድበትን ድብልቅ በገዛ እጅ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ መዳብ መረጥሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ንጹሕ ነው፤ በአየር ውስጥ ቢደበደብም ቢበዛ ይጠቁራል እንጂ ቤት አያቃጥልም።

ጥቅምት 15

ወፍጮውን ሠርቼ ጨረስሁ። ከበሮው የውስጥ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም የብረት ቱቦ ሲሆን፣ አንዱን ጫፍ በላሜራ በይጄ ሌላውን በስድስት ቡሎንና በጓርኒሲዮን የሚዘጋ ክዳን አደረግሁለት። ኳሶቹን ያገኘሁት የከባድ መኪና ጋራዦችን እየዞርሁ ከተጣሉ ኩሽኔታዎች ፈልፍዬ ነው፤ መንገዱ ወደ ጅቡቲ የሚያልፍበት ከተማ ስለሆነ አሮጌ ኩሽኔታ አይጠፋም። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሆኑትን ለይቼ 4 ኪሎ ግራም አከማቸሁ። የኩሽኔታ ብረት አንድ በመቶ ገደማ ካርቦንና አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ጠንካራ ብረት በመሆኑ ከመዳብ ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው መዳቡ ነው። ቢያንስ እኔ እንዲያ አስቤ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ፍጥነቱ ነው። ከበሮው እጅግ ከፈጠነ ኳሶቹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ ከተንቀረፈፈ ደግሞ ከሥር ይንከባለላሉ እንጂ ከፍ ብለው አይወድቁም። ኳሶቹ መጣበቅ የሚጀምሩበት ፍጥነት በደቂቃ 42.3 ለከበሮውና ለኳሱ ስፋት ልዩነት ካሬ ሥር ተካፍሎ ይገኛል፤ ስፋቱ በሜትር ነው። ለእኔ ከበሮና በአማካይ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ ኳስ ይህ በደቂቃ 97.6 ዙር ይሆናል፤ ከዚህ 70 በመቶው 68 ዙር ነው። ሞተሬ በደቂቃ 1440 ይዞራል። በመጀመሪያ በቺንጋ ከ50 ሚሊ ሜትር ፑሊ ወደ 250፣ ቀጥሎ ከበሮው ከተቀመጠበት 50 ሚሊ ሜትር ዘንግ ወደ ራሱ ወደ ከበሮው 210 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋት ስቀንሰው 21 ጊዜ አነሰና ወደ 68 ተኩል መጣ። ዛሬ በከበሮው ላይ በኖራ ምልክት አድርጌ ሰዓት ይዤ ቆጠርሁት፤ 67 ነው። ቺንጋው ትንሽ ይንሸራተታል፤ ልተወው ወሰንሁ።

ጥቅምት 27

ሁለት ተለማማጆቼና እኔ ለዘጠኝ ቀን በየምሽቱ ሽቦ በሞርሳ እየያዝን በሞረድ ፈቅፍቀን 230 ግራም የመዳብ ፍቅፋቂ አገኘን። ከሞረዱ የወጣውን የብረት ብናኝ በማግኔት ለቀምነው። ከአንድ የግንባታ ዕቃ መመርመሪያ ክፍል የተዋስሁትን የአፈር ወንፊት ተጠቅሜ ከ425 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነውን ለየሁ። ከዚያ ላይ 200 ግራም ከኳሶቹ ጋር ከበሮው ውስጥ ጨመርሁ፤ አንድ እጅ ዱቄት ለሃያ እጅ ኳስ ማለት ነው።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ስከፍተው ዱቄት የለም። ኳሶቹ ሁሉ መዳብ ለብሰው ቀይ ዶቃ መስለዋል፤ ግድግዳውም እንደ ተቀባ ሆኗል፤ ከሥር የቀረው ጥቂት ሲሆን እርሱም ስስ ጥፍጣፊ ነው። መጽሐፍ ላይ «ቀዝቃዛ ብየዳ» ሲባል አንብቤ አልፌው ነበር። ንጹሕ የመዳብ ገጽ ከሌላ ንጹሕ የመዳብ ገጽ ጋር በኃይል ሲጋጭ ያለ ምንም እሳት ይጣበቃል፤ ለስላሳ ብረታ ብረት በወፍጮ ውስጥ ከመድቀቁ በፊት የሚጠፈጠፈውና እርስ በርሱ የሚበየደው ለዚህ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በየጄ ስኖር ያለ ኤሌክትሮድና ያለ ነበልባል ይህን ያህል ብየዳ አይቼ አላውቅም።

ይህ ባሕርይ ለእኔ እንቅፋት ቢሆንም ለሌሎች መነሻ ሆኗል። በ1960ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ማብቂያ ገደማ ጆን ቤንጃሚን የተባለ መሐንዲስ በኢንተርናሽናል ኒኬል ኩባንያ ውስጥ ይህንኑ መጣበቅና መሰበር እየደጋገመ ኒኬልን ከጥቃቅን የኦክሳይድ ቅንጣቶች ጋር አዋሐደ፤ ቀልጠው የማይዋሐዱ ነገሮች በወፍጮ ተዋሐዱ ማለት ነው። ሥራው የታለመው ለጋዝ ተርባይን የሚሆን ሙቀት የሚችል ብረት ለማግኘት ነበር።

ኅዳር 10

ሁለት ነገር ተስተካከለ። አንደኛው መጣበቁ ነው። ደሴ ውስጥ ሳሙና ከሚያመርት ሰው ስቴሪክ አሲድ ገዛሁ፤ ሰም የመሰለ ነጭ ፍርፋሪ ነው። ለ200 ግራም መዳብ 2 ግራም ሲጨመር ቅንጣቶቹን ለብሶ ገጾቹ በቀላሉ እንዳይጣበቁ ያደርጋል።

ሁለተኛው ማወዳደሪያ ማግኘት ነው። ወዳጄ በስልክ «ፍቅፋቂህን እንደ መነሻ አትቁጠረው፤ ሞረድም ራሱ መደብደብ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ጥርሱ መዳቡን የሚቀደው አደራደሩን አዛብቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዋረንና አቨርባክ በመደብደብ የተዛባ ክሪስታል በኤክስሬይ እንዴት እንደሚታይ ሲያጠኑ የተጠቀሙት የናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ፍቅፋቂ እንደ ነበር ያጫወተኝም እርሱ ነው። ስለዚህ ምንም ያልተዛባ መዳብ ያስፈልገኛል፤ ይህም በእሳት ይገኛል።

ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ማረሻና ቢላ የሚሠሩ አረጋዊ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ትናንት ባቲ ገበያ ውለው ማምሻውን ነበር የተመለሱት። ፍቅፋቂውን በአንድ ጫፉ በተበየደ ቱቦ ውስጥ አድርጌ፣ አየሩን እንዲበላልኝ በላዩ የከሰል ድቃቂ ሞልቼ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጌ ወሰድሁላቸው። ካርቦን በመዳብ ውስጥ ስለማይሟሟ ከሰሉ ጉዳት የለውም። የያዝሁትን የሙቀት መለኪያ ሽቦ አይተው ሳቁ።

«ጋሼ፣ 500 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሰዓት ይቆይልኝ» አልኋቸው።

«ዲግሪውን አንተ ያዘው። እኔ መልኩን አያለሁ» አሉና ወናፉን ቀስ ብለው ይነፉ ጀመር። ቱቦው በጨለማ ብቻ የሚታይ ደብዛዛ ቅላት ሲይዝ ነፋሱን ቀነሱት፤ መለኪያዬ 520 ያነብ ነበር። ለምን እንደማደርገው ስነግራቸው አልደነቃቸውም። «መዳብ ብዙ ከመታኸው እምቢ ይልሃል። ያን ጊዜ እሳት ታሳየዋለህ፣ ይለዝባል። እምቢ እያለህ ከመታኸው ይሰነጠቅብሃል። አንተ ልጅ ይኸን ለማወቅ ነው ወይ አዲስ አበባ ድረስ የምትልከው?» አሉኝ። እምቢ የሚለው ምኑ እንደ ሆነ ለማየት ነው አልኋቸው። «አብሽር፣ ታየዋለህ» ብለው ሸኙኝ።

ኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 14

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም፤ ወፍጮው ዞረ፣ መብራት ጠፋ፣ እንደገና ዞረ። በቀን ለ3 ቢበዛም ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሠራሁ በመጨረሻ 120 የድብደባ ሰዓት ለመሙላት ከወር በላይ ፈጀብኝ። ከበሮውን የከፈትሁት ሁልጊዜ በማግሥቱ ጧት፣ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በ10፣ በ40 እና በ120 ሰዓት አምስት አምስት ግራም ናሙና አወጣሁ።

የ10 ሰዓቱ ናሙና አስገራሚ ነው። ሲገባ ሁሉም ከ425 ማይክሮን ወንፊት ያለፈ ነበር፤ አሁን ከመቶው 38 እጅ ላይ ቀረ። ወፍጮ ውስጥ ገብቶ የተለቀ ነገር! ቅንጣቶቹ ተጠፍጥፈው የዓሣ ቅርፊት መስለዋል፤ በጣት ሲያሹአቸው ይንሸራተታሉ። በ40 ሰዓት ቅርፊቱ መሰባበር ጀምሯል። በ120 ሰዓት ቀለሙ ወደ ቡናማ የጠቆረ፣ በጣት መካከል የማይታወቅ ዱቄት ሆኗል። መዳቡ እየደነደነ ሲሄድ መጠፍጠፉን ትቶ ይሰበራል፤ ቀጥቃጩ «ይሰነጠቅብሃል» ያሉት ይኸው ነው።

ናሙናዎቹን በትንንሽ ብልቃጥ አሽጌ በአውቶብስ ላክኋቸው።

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች መጡ። ኤክስሬይ በአቶሞች ንጣፎች ላይ ሲያርፍ የሚመለሰው በተወሰኑ ማዕዘኖች ብቻ ነው፤ ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1915 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት አባትና ልጅ ብራጎች አስቀምጠውታል። የመዳብ ሥዕል፣ ማለትም በየማዕዘኑ የተመለሰውን ጨረር ብዛት የሚያሳየው መስመር፣ በ43.3፣ በ50.4 እና በ74.1 ዲግሪ ሦስት ዋና ጉብታዎች አሉት፤ ለየንጣፉ የተሰጡት ቁጥሮች 111፣ 200 እና 220 ናቸው።

ሁለት ስሕተት ልሠራ ነበር። የመጀመሪያው በ10 ሰዓቱ ናሙና ላይ ነው። የጉብታዎቹ ቁመት በተለመደው መዳብ 100፣ 46 እና 20 ሲሆን በእኔ ናሙና ግን የ220ው ጉብታ የ200ውን ሊያክል ደርሷል። «አደራደሩ ተለወጠ» ብዬ በደስታ ደወልሁ። ወዳጄ አሳዘነኝ፤ ቅርፊቶቹ በናሙና መያዣው ላይ እንደ ተነጠፈ ቅጠል ተኝተዋል፤ መዳብ ሲዳመጥ ደግሞ 220 ንጣፎቹ ከቅርፊቱ ፊት ጋር ትይዩ መሆን ይወዳሉ፤ ኤክስሬዩም ያየው የቅርፊቶቹን አተኛኘት ነው። ከሙጫ ጋር አቡክቶና አድርቆ ከፈጨው በኋላ እንደገና ሲያነሣው ቁመቶቹ ወደ ተለመደው ተመለሱ።

ሁለተኛው የበለጠ አታላይ ነው። በ120 ሰዓቱ ናሙና ላይ ከ43.3ቱ ጉብታ በስተቀኝ በ44.7 ዲግሪ ትንሽ ትከሻ ብቅ ብሏል። አዲስ ክሪስታል ተወለደ? ሌሊቱን ሙሉ ስገላብጠው አደርሁ። ጧት ከቀረው ዱቄት ቆንጥሬ በወረቀት ላይ አድርጌ ከሥር ማግኔት አንቀሳቀስሁ፤ የዱቄቱ አንድ ክፍል ተከትሎት ሄደ። 44.7 ዲግሪ ዋናው የብረት ጉብታ የሚገኝበት ነው። ኳሶቼና ከበሮዬ እየተላጡ ዱቄቱ ውስጥ ገብተዋል። የኩሽኔታ ብረት አይጎዳም ያልሁት ጥቅምት 15 ቀን ነበር፤ ለማስታወስ ያህል አልሰረዝሁትም። በ36.4 ዲግሪ ያለችው ሌላ ትንሽ ጉብታ ደግሞ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ናት፤ የዱቄቱን መጥቆር የምታስረዳው ከፊል እርስዋ ናት።

ጥር 9

እነዚህ ሁሉ ከተነሡ በኋላ የቀረው እውነተኛው ለውጥ ነው። የመዳብ ጉብታዎች ከቦታቸው አልሄዱም ለማለት ይቻላል፤ ኩቡ ኩብ ነው፣ ጎኑም ያው ነው። የተለወጠው ስፋታቸው ነው። በእሳት የለዘበው መዳብ የ111 ጉብታ በግማሽ ቁመቱ ላይ 0.10 ዲግሪ ይሰፋል፤ ይህ የመሣሪያው የራሱ ስፋት ነው። የሞረዱ ፍቅፋቂ 0.22፣ የ10 ሰዓቱ 0.28፣ የ40 ሰዓቱ 0.39፣ የ120 ሰዓቱ 0.45 ነው። የመጀመሪያው ጭማሪ ያለ ወፍጮ በሞረድ ብቻ የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል። ከ40 እስከ 120 ያለው ሰማንያ ሰዓት ደግሞ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ ድብደባው የሚፈጥረው መዛነፍና መዳቡ ራሱ የሚያቃናው እየተመጣጠኑ ሄደዋል።

ጉብታን የሚያሰፉ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የክሪስታሉ ማነስ ነው፤ ጥቂት ንጣፎች ብቻ ያሉት ክሪስታል የጠራ ጉብታ መስጠት አይችልም። ሁለተኛው መወጠር ነው፤ አንዱ ስፍራ የተጨመቀ ሌላው የተሳበ ከሆነ የንጣፎቹ ርቀት ስለሚለያይ ጉብታው ይዘረጋል። ሸረር እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጣው ቀመር ስፋቱን ሁሉ ለማነስ ብቻ ይሰጠዋል። የመሣሪያውን ስፋት ቀንሼ በቀረው 0.35 ዲግሪ ስሠራው 24 ናኖ ሜትር ወጣልኝ። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም።

ዊልያምሰንና ሆል እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳዩት መንገድ ሁለቱን ይለያል፤ ማዕዘኑ እየጨመረ ሲሄድ መወጠር ከማነስ ይልቅ ፈጥኖ ያሰፋል። መዳብ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ የሚጠጥር ስለሆነ የተለያዩ ንጣፎችን አንድ ላይ ማደባለቅ ያሳስታል፤ ወዳጄ ያመጣው ዘዴ በአንድ አቅጣጫ ያሉትን 111ን እና እጥፉን 222ን ብቻ ማወዳደር ነው። 222 በ95 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የመሣሪያው ስፋት ተቀንሶለት 0.67 ዲግሪ ነበር። ከሁለቱ ሲሰላ የክሪስታሉ መጠን 40 ናኖ ሜትር፣ መወጠሩ 0.15 በመቶ ሆነ። 40 ናኖ ሜትር ማለት የመዳብ ኩብ 110 ጊዜ ያህል ብቻ ተደርድሮ የሚያበቃበት ርቀት ነው። አንዱ የዱቄት ቅንጣት በወንፊት ሲለካ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮን ነው፤ ውስጡ ግን አቅጣጫቸው የተለያየ እልፍ አእላፍ ክሪስታሎች ታጭቀውበታል። ወፍጮው ይበልጥ የሠራው በቅንጣቱ ውስጥ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ111 እና በ200 ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት በለዘበው መዳብ ከነበረበት በአራት መቶኛ ዲግሪ ጠብቧል። ይህ የንጣፎች አደራረብ መዛባት ምልክት ነው። የመዳብ ንጣፎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ሲደራረቡ አንዳንድ ቦታ ተራቸውን ይስታሉ። ኮባልት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ መሳት በዝቶ አደራደሩን ራሱን ሊለውጠው ይችላል፤ ኮባልት በሁለት አደራደር፣ በዚህኛውና ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ ለ እያለ በሚደራረበው መካከል፣ የሚያመነታ ብረታ ብረት ነው፤ ያለ ድብደባም ቢሆን 420 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መዳብ ግን በአደራደሩ ይጸናል።

የካቲት 2

የ120 ሰዓቱን ዱቄት በከሰል ሸፍኜ በ300 ዲግሪ አንድ ሰዓት አሞቅሁትና ላክሁት። ዛሬ ውጤቱ መጣ፤ የ111 ጉብታ ከ0.45 ወደ 0.12 ወርዷል። ከወር በላይ የተደበደበው በአንድ ሰዓት እሳት ተፈታ፤ ለዚያውም መዳብ ከሚቀልጥበት 1085 ዲግሪ እጅግ በራቀ ሙቀት። በብዙ የተዛባ መዳብ ውስጡ የታመቀ ጉልበት ስላለው ራሱን ለማቃናት የሚፈልገው ግፊት ጥቂት ነው። ሥዕሉን ለቀጥቃጩ ወስጄ ሰፊውንና ጠባቡን ጉብታ ጎን ለጎን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና «ሰፊው እምቢተኛው ነው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው።

በ44.7 ዲግሪ ያለው የብረት ትከሻ ግን አልጠፋም፤ ከማሞቁ በፊት ከነበረው ይልቅ ጠርቶ ይታያል። ጎረቤቱ የነበረው የመዳብ ጉብታ ስለ ጠበበ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ በመዳቡ ውስጥ ተገዶ ገብቶ የነበረ ብረት ሙቀት ሲያገኝ ተለይቶ ወጥቶ ይሆናል። ብረትና መዳብ ቀልጠው ሲቀዘቅዙ እንደ ዘይትና ውኃ የሚለያዩ ናቸው፤ በወፍጮ ግን አንድ አደራደር እንዲጋሩ ማስገደድ እንደሚቻል ሌሎች አሳይተዋል። ይህን በአጋጣሚ በተላጠ ኳስ መወሰን አይቻልም፤ በሚዛን መጨመር ያስፈልጋል።

የካቲት 6

ከበሮውን አጥቤ፣ ኳሶቹን መዝኜ (ከ4 ኪሎ ግራም 9 ግራም ጎድሏል)፣ 160 ግራም መዳብና 40 ግራም የብረት ዱቄት ከ2 ግራም ስቴሪክ አሲድ ጋር ጨመርሁ። ጓርኒሲዮኑን ቀይሬ፣ የላላውን ቺንጋ አጥብቄ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ አስነሣሁት። ዙሩ አሁን 68 ነው።